የአክንባሎ እጀታ ሞዴል በምን ልሥራ?

ሰላም ለሁላችሁ። ለኤሌክትሪክ ምጣድ አክንባሎ የሚሆን እጀታ እየነደፍኩ ነው። እናቴ እንጀራ ስትጋግር ክዳኑን በከፈተች ቁጥር እንፋሎቱ እጇን ይለበልባታል፤ ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ በኮምፒውተር ሣልኩት፣ ስክሪን ላይ በጣም ያምር ነበር። ከዚያ በካርቶን በልኩ ቆርጬ ሰጠኋት። ገና ስትይዘው "ጣቴ አይገባም እኮ" አለችኝ። እኔ ለሳምንታት አፍጥጬ ያላየሁትን እሷ በአንድ ደቂቃ አገኘችው። ክፍተቱን በ12 ሚሊሜትር አሰፋሁና በስሪዲ ፕሪንተር በፒኤልኤ ፕላስቲክ አሳተምኩት። አያያዙ ተስተካከለ። ግን አራተኛው እንጀራ ላይ ለሰለሰና ብሎኑ ጋ ተጣመመ። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ እንደሚጀምር ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በባሕር ዛፍ እንጨትም ሞክሬያለሁ። ሙቀቱን ቻለ፣ ግን አንዴ በእንፋሎት እየራሰ አንዴ እየደረቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰነጠቀ። ብረት ምናለሽ ተራ በቀላሉ ይሠራልኛል፣ ግን ራሱ ይግልና እጅ ያቃጥላል።

ወደ ሞልድ (እጀታውን በብዛት ለማምረት የሚቆረጥ የቅርጽ ማውጫ) ከመሄዴ በፊት 5 ፍሬ ሠርቼ ለእናቴና ለጎረቤቶቻችን ሰጥቼ አንድ ወር ሙሉ እንዲጋግሩበት እፈልጋለሁ፤ ሞልድ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ስህተት ማረም በጣም ውድ ነው። 100 ዲግሪ እንፋሎት የሚችል፣ እጅ የማያቃጥል፣ አዲስ አበባ ውስጥ በ5 ፍሬ ብቻ ሊሠራ የሚችል ምን ዓይነት ማቴሪያል ታውቃላችሁ?