የሦስት ጌም መጫወቻ ኮምፒውተሮች ግዢ፦ ለዕድሩ አመራር ለሚቀርበው ዕቅድ የአባላት ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው እሑድ በተስማማነው መሠረት ከ40 አባላት በነፍስ ወከፍ 9,000 ብር ተዋጥቶ በድምሩ 360,000 ብር በማኅበራችን የባንክ ሒሳብ ገቢ ሆኗል። የዕድራችን አመራር ከድንኳንና ከወንበር መጋዘኑ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ለወጣቶቻችን የጌም መጫወቻ እንድትሆን በቃል ፈቅዶልናል፤ ነገር ግን ምን እንደምንገዛ፣ በምን ምክንያት እንደመረጥነውና ንብረቱን ማን እንደሚረከብ የሚገልጽ የጽሑፍ ዕቅድ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድናቀርብ ጠይቆናል። ለመነሻ ያህል ሦስት ኮምፒውተሮችን ከነስክሪናቸው መግዛት እንችላለን ብዬ አስቤያለሁ። የቀረውን እናንተ ሙሉበት፤ ረቂቁን እኔ አጠናቅራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ትናንት መርካቶ ወርጄ ሦስት ሱቆች ዋጋ ጠይቄ ነበር። አዳዲስ ዕቃ ተመርጦ ከሚገጣጠም ኮምፒውተር ይልቅ ከውጭ አገልግለው የመጡት የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ በተለይ ዴል ኦፕቲፕሌክስ የሚባሉት፣ ከግማሽ በታች በሆነ ዋጋ ይገኛሉ። ስለዚህ በያዝነው ገንዘብ ሦስት ሳይሆን ስድስት ገዝተን በየማሽኑ አነስተኛ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራ ክፍል) ብናስጨምርበት ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ለማስተናገድ የምንችል ይመስለኛል።

ሌላው ዋጋው የማይረጋ መሆኑ ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የፕሮፎርማ ዕድሜ አጥሯል፤ ትናንት ከተሰጡኝ በሁለቱ ላይ ለሦስት ቀን ብቻ እንደሚያገለግሉ ተጽፎባቸዋል። በመሆኑም ከጠቅላላው ገንዘብ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 36,000 ብር፣ ለዋጋ ጭማሪ ተብሎ ሳይነካ እንዲቀመጥ በዕቅዱ እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ።

የጥገና ባለሙያው አባል፣ ማክሰኞ ማታ

የመጠባበቂያውን ነገር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ስለ ቢሮ ኮምፒውተሮቹ ግን፣ እትዬ፣ በየቀኑ እየከፈትኩ የማያቸው በመሆናቸው ሥጋቴን በዝርዝር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ። እርስዎ ያዩአቸው ቀጫጭኖቹ ኦፕቲፕሌክሶች ፓወር ሰፕላያቸው (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) በአብዛኛው ከ180 እስከ 255 ዋት የሚደርስ ነው፤ ቅርጹና መሰኪያው ደግሞ የፋብሪካው የራሱ ስለሆነ ከገበያ በተገኘ ተራ ፓወር ሰፕላይ መቀየር አይቻልም። በዚህ ላይ የሚሰካው ካርድ ከማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) የሚያገኘው 75 ዋት የሚበቃው፣ ቁመቱም አጭር የሆነ ብቻ ነው። ጂቲኤክስ 1650 በአጭር ቁመት የተሠራውን ካገኘን ቀላል ጌሞችን ያጫውታል፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ወዲያ ማሳደግ ሲያምረን ግን ካርድ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩን እንዳለ መቀየር ይኖርብናል።

ሁለተኛው ችግር ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ያላቸው መሆናቸው ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች የሆነውን አይቀበልም። ቫሎራንትን የመሰለ ጌም በዊንዶውስ 11 ላይ የቲፒኤም 2.0 የደህንነት ቺፕና የሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚጠብቅ) መኖርን ስለሚጠይቅ፣ በአቋራጭ ጭነንለት ቢነሳ እንኳ ጌሙ ራሱ እምቢ ሊለን ይችላል።

ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛዬ ዘመዱ ከአሜሪካ የላከለትን ያገለገለ ኮምፒውተር ሳጥኑን ቀዶ እንዳወጣው ሶኬት ላይ ይሰካዋል። ከኋላው፣ ከገመዱ መሰኪያ ጎን፣ ጥፍር የምታህል ቀይ ማንሸራተቻ ነበረችና 115 ላይ እንደተቀመጠች የእኛን 220 ቮልት ተቀበለች። ወደ እኔ ሲመጣ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ሁለት ካፓሲተሮች አናታቸው ተፈልቅቆ፣ ሽታው ከሱቄ ለሁለት ቀን አልወጣም። አዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ስለሚለዩ ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ነገር ግን ያገለገለ ዕቃ ላይ ማንም ይህችን ነገር ሳያይ እንዳይሰካ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው አባል፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ

በጥገና ባለሙያችን ትንታኔ እስማማለሁ። አዲስ የምንገጣጥም ከሆነ ግን ሐሳቤ ለየት ይላል። የጌም ኮምፒውተር ዋናው ነገር ግራፊክስ ካርዱ በመሆኑ ከየማሽኑ በጀት ትልቁ ድርሻ ለካርዱ እንዲውል፣ እንዲያውም ራዲዮን አርኤክስ 6600 እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። ይህ ካርድ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የወጣ፣ 8 ጊጋባይት የራሱ ማስታወሻ ያለው፣ የሚወስደውም 132 ዋት ብቻ በመሆኑ ለእኛ አቅም የተሠራ ይመስላል። ከራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ጋር ቢጣመር ልጆቹ የሚወዱትን የእግር ኳስ ጌም፣ ካውንተር ስትራይክ 2ንም ሆነ ፎርትናይትን በሙሉ ኤችዲ ያለ ችግር ያጫውታል። ስድስት ደካማ ማሽኖችን ከምንደረድር ሦስት ጠንካሮችን ብናቆም የተሻለ ነው።

የጥገና ባለሙያው አባል፣ ረቡዕ ማታ

የካርዱ ምርጫ ጥሩ ነው፤ ክርክሬ ከካርዱ ጋር ሳይሆን ከገንዘባችን ጋር ነው። ሦስት አርኤክስ 6600 ከገዛን በኋላ ለፓወር ሰፕላይ፣ ለስታብላይዘርና ለዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ ለሚያቆየው ባትሪ) የሚተርፈን ፍርፋሪ ነው። ፍርፋሪ ሲተርፍ ደግሞ ሻጩ ከኬዝ ጋር «በነፃ» የሚሰጠውን፣ ላዩ ላይ 600 ዋት ተጽፎበት በእጅ ሲመዘን እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀለውን ፓወር ሰፕላይ እንቀበላለን። በሰፈራችን ዕቃ የሚገድለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ መሆኑን ሁላችሁም ከፍሪጆቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ በሁለት ዙር እንግዛ የሚል ነው። በመጀመሪያው ዙር ግራፊክሱን በውስጡ የያዘውን ራይዘን 5 5600ጂ እንግዛ፤ ያለ ካርድም ስክሪን ያበራል፣ ዶታ 2ንና ቫሎራንትን በዝቅተኛ የምስል ጥራት በደንብ ያጫውታል። ካርዱ በሁለተኛው ዙር ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ሐቅ መደበቅ አልፈልግም፤ 5600ጂ ከ5600 ጋር ሲነጻጸር የውስጥ ካሹ (ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻው) 32 ሳይሆን 16 ሜጋባይት ነው፣ ከካርድ ጋር የሚገናኝበትም መስመር ፒሲአይ 3.0 ስለሆነ፣ ካርድ ሲገባለት ከ5600 በመጠኑ ወደኋላ ይቀራል። በምትኩ አንድ ቀን ካርዱ ቢበላሽ ማሽኑ ሥራ አያቆምም፤ 5600 ግን ያለ ካርድ ምስል አያወጣም። ሦስቱም ማሽኖች አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ አንዱ ሲታመም የጎረቤቱን ራም (የሥራ ማስታወሻ) ወይም ፓወር ሰፕላይ አምጥቼ እየቀያየርኩ ችግሩን በአሥር ደቂቃ አገኘዋለሁ።

በራም ላይ ግን ድርድር የለኝም። ባለፈው ወር አንድ ወጣት 5600ጂ ያለው ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ፣ ዶታ 2 ላይ ፍልሚያው ሲፋፋም ምስሉ እየተንተባተበ እንዳስመረረው ነገረኝ። ከፍቼ ሳየው ሻጩ ባለ 16 ጊጋ አንድ እንጨት ራም ብቻ ሰክቶለታል። አውጥቼ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ሰካሁበት፤ ሌላ ምንም ሳልነካ ያው ጌም ተስተካከለ። የውስጥ ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከራሙ ይበደራልና፣ ሁለት ራም ሲኖር መንገዱ በእጥፍ ይሰፋለታል። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ «16 ጊጋ ራም» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ነጋዴው አንዱን አስታቅፎን ይሸኘናል፤ «ሁለት ባለ 8 ጊጋ፣ ዲዲአር4፣ 3200» ተብሎ ይጻፍ።

በዱባይ የሚኖረው አባል፣ ሐሙስ ጠዋት

በሁለተኛው ዙር ካርዶቹን ከዚህ ገዝቼ በሻንጣዬ ላመጣላችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ሆኖም ዋስትናው እዚህ እንጂ እዚያ ስለማይሠራ፣ ቢበላሽ መልሶ ለማምጣት ሰው መፈለግ እንደሚኖርብን ቀድማችሁ ዕወቁት። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ግን ኃላፊነቱን አልወስድም።

የጥገና ባለሙያው አባል፣ ሐሙስ ጠዋት

ወንድማችን ትክክል ብለዋል። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ከቆመበት ከመስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በኋላ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ገበያውን አጥለቅልቀዋል፤ ተወልውለው እንደ አዲስ የሚሸጡትም ጥቂት አይደሉም። ሁሉም የደከሙ ናቸው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ ሰዓት በሥራ ላይ አጣድፌ ሳልፈትነው ማንም ገንዘብ እንዳይከፍል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው አባል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

አሳማኝ ነው፤ ሆኖም ልጆቹ የቋመጡለት የእግር ኳስ ጌም በውስጥ ግራፊክስ ምስሉን በጣም ካላወረድንለት አይሄድም። ቢያንስ በአንዱ ማሽን ላይ ካርድ እናስገባ?

የወላጆች ተወካይ፣ ሐሙስ ማታ

ልጄ፣ እኔ ስለ ዋቱም ስለ ጊጋውም የማውቀው የለኝም፤ ሦስት ልጆች ያሳደግኩ ሰው ግን ነኝ። ሦስት ወንበር አቁማችሁ አንዱን ብቻ ካሳመራችሁ በዚያ ወንበር የተነሣ ጠብ አይጠፋም፤ ጉልበት ያለው ይቀመጥበታል፣ ትንንሾቹም ሴቶቹም ይገፋሉ። ወይ ለሁሉም፣ ወይ ለማንም። በየሰፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች በገንዘብ መወራረጃ እየሆኑ ያስቸገሩን መሆኑን አመራሩ ስለሚያውቅ፣ በክፍሉ ውስጥ በብር መወራረድ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑ፣ በትምህርት ቀናትም ከ11 ሰዓት በፊት እንደማይከፈት በዕቅዱ ላይ ቢሰፍር ፈቃዱ በቀላሉ የሚገኝ ይመስለኛል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው አባል፣ ሐሙስ ማታ

ተቀብያለሁ፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። ሁለተኛው ዙር በወሬ እንዳይቀር፣ በመጀመሪያው ዙር የሚገዛው ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት እውነተኛ አቅም ያለውና ለካርድ የሚሆን ባለ 8 ፒን ገመድ የተገጠመለት፣ ኬዙም ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ የሚያስገባ እንዲሆን በጽሑፍ ይቀመጥልኝ። ከኢንተርኔት ወጪ አንጻርም አንድ ነገር ልጨምር፤ ስቲም የተባለው የጌም መሸጫና ማውረጃ ፕሮግራም ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የወረደን ጌም በውስጥ መስመር ወደ ሌላው ለማስተላለፍ ስለሚያስችል፣ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ አነስተኛ ስዊችና ሦስት የኔትወርክ ገመድ ከገዛን እያንዳንዱን ጌም አንድ ጊዜ ብቻ እናወርዳለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ዓርብ ማታ

እስካሁን የተባለውን በሚከተለው መልክ አርቅቄዋለሁ። ማኅበሩ በመጀመሪያው ዙር አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት ኮምፒውተሮችን ያስገጣጥማል፤ እያንዳንዱ ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 3200 ራም፣ ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) እና ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይኖረዋል፤ ኬዙና የካርዱ ገመድ ከላይ በተጠየቀው መሠረት ይሆናሉ። ሦስቱን የሚሸከም አንድ ባለ 2,000 ቪኤ ስታብላይዘር፣ መብራት ሲቋረጥ ጌሙን ዘግቶ ለማጥፋት የሚያስችል ጊዜ የሚሰጥ አንድ አንድ ዩፒኤስ፣ እንዲሁም ስዊቹ በዚሁ ዙር ይገዛሉ። 36,000 ብሩ ሳይነካ ይቀመጣል። ሦስቱ ካርዶች ከስድስት ወር በኋላ በአዲስ መዋጮ በአንድ ጊዜ ይገዛሉ እንጂ በተናጠል አይገቡም። በወላጆች ተወካይ የቀረበው የአጠቃቀም ደንብ እንዳለ ተካቷል።

ገንዘብ ያዥ፣ ዓርብ ማታ

የስድስቱን ኮምፒውተር ሐሳቤን አንስቻለሁ። ሁለት ነገር ይታከልልኝ። ክፍያው ማሽኖቹ በሱቁ ውስጥ በእኛ ፊት በርተው፣ ስክሪን ላይ ምስል ወጥቶ ካየን በኋላ ብቻ እንዲፈጸም፤ የየዕቃው መለያ ቁጥርም ከደረሰኙ ጋር በዕድሩ የንብረት መዝገብ ላይ እንዲመዘገብ።

የጥገና ባለሙያው አባል፣ ዓርብ ማታ

ማሽኖቹ መብራታቸውን አስቀድሞ ማየቱ በጣም ተገቢ ነው፤ አንዳንድ ማዘርቦርድ ባዮሱ (የማስነሻ ፕሮግራሙ) አሮጌ ሆኖ አዲሱን ፕሮሰሰር ስለማያውቀው ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፤ ይህ ቢያጋጥም ባዮሱን ሻጩ ራሱ አድሶ እንዲያስረክበን በፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ። እኔ ነገ ቅዳሜ በ8 ሰዓት መለኪያዬን ይዤ ወደ ክፍሉ እመጣለሁ፤ የሶኬቶቹ የመሬት መስመር እውነት መሬት መድረሱን ሳላረጋግጥ ዕቅዱ ወደ አመራሩ ባይሄድ እመርጣለሁ። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለበት ሰው በሰዓቱ እንዲገኝልኝ።