የጋራ ዕቅዳችን፦ ከፕላኔት ፎቶ በፊት የሲሪየስን ጓደኛ እንያዝ

አስተባባሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። የሥነ ፈለክ ማኅበራችን የዕቅድ ረቂቅ «ከእንጦጦ ሆነን የሌላ ኮከብ ፕላኔት ፎቶ ማንሳት» ይላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ግን እንዳለ ለእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) ብንልከው አያስኬድም። እንጦጦ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች መስታወታቸው 1 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆኑትን ኤችአር 8799 የሚባለውን ኮከብ ፕላኔቶች በፎቶ የያዙት ኬክና ጀሚናይ የተባሉት ቴሌስኮፖች ግን 10 እና 8 ሜትር ናቸው። በዚያ ላይ የአየሩን መርገብገብ በየቅጽበቱ የሚያርም መስታወት አላቸው። ፕላኔቶቹም ወጣትና ግዙፍ ስለሆኑ ገና ትኩስ ናቸው፤ በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይን በማይታይ የሙቀት ጨረር፣ ያበራሉ። እንደ ጁፒተር የቀዘቀዘ ቢሆን ኖሮ ብርሃኑ ከኮከቡ በቢሊዮን እጥፍ ያንስ ነበር። ታዲያ በአቅማችን ምን እንጠይቅ?

መምህርት ከቡራዩ፦
የእኔ ተማሪዎች ጥያቄ ስለ አቦል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሀገራችን ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቱን አቦል ብላ መሰየሟን ስነግራቸው ወዲያው «ቲቸር፣ ፎቶው የታለ?» አሉኝ። ፎቶ የለውም። የተገኘው ፕላኔቱ በስበቱ ሲስበው የሚፈጠረው የኮከቡ መወዛወዝ ተለክቶ ነው። ከኮከቡ ያለው ርቀት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ሁለት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚህ ሆኖ ሲታይ በብርሃኑ ይዋጣል። ልጆቹ ይህንን በዓይናቸው አይተው እንዲረዱት የሚያደርግ ነገር ዕቅዱ ውስጥ ይግባልኝ።

ጋሼ ከሱሉልታ፦
ልክ ነሽ ልጄ። ለዚህ ከሲሪየስ፣ ሌሊት ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ከደማቁ፣ የተሻለ የለም። እ.ኤ.አ. በ1844 ቤሰል የሚባል ጀርመናዊ ኮከቡ ሲወዛወዝ አይቶ «የማይታይ ጓደኛ አለው» አለ። ጓደኛውን በቴሌስኮፕ ያየው አሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ ነው፤ በ1862። ይህ ጓደኛ ኮከብ፣ ሲሪየስ ቢ፣ ከዋናው ኮከብ 10,000 ጊዜ ያህል ይደበዝዛል። ችግሩ ከፕላኔት ፎቶ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የብርሃኑ ልዩነት ግን ለእኛ አቅም የሚመጥን ነው። አሁን ደግሞ ሁለቱ በሰፊው የተራራቁበት ዘመን ነው።

እኔ ግቢዬ ውስጥ ባለ 8 ኢንች ቴሌስኮፕ አለኝ። ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው ካርቶን አፉ ላይ ስገጥምበት የኮከቡ ነጸብራቅ ስድስት ጨረር ላይ ይሰበሰባል። በጨረሮቹ መሃል ጥቁር ቦታ ይተርፋል። ጓደኛው እዚያ እስኪገባ ካርቶኑን ቀስ እያሉ ማዞር ነው። መጀመሪያ ግን ሪጄል በሚባለው ኮከብ እንለማመድ፤ የእሱ ጓደኛ ይቀላል።

የኮድ ሥራ የያዘው ወጣት፦
ጋሼ፣ ካሜራ ከገጠምንበትማ የትልልቆቹን ቴሌስኮፖች ዘዴ እንሞክራለን። የእርስዎ ቴሌስኮፕ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ ስለሚዞር የሰማዩ ምስል በራሱ ይሽከረከራል። ሲሪየስ ከፍ ብሎ ደቡብ ላይ ሲደርስ በሰዓት 30 ዲግሪ ያህል ይዞራል። የመስታወቱ ነጸብራቅ ባለበት ይቀራል፤ እውነተኛው ጓደኛ ግን ይዞራል። ከየፎቶው የማይንቀሳቀሰውን ቀንሰን የቀረውን አሰልፈን እንደምራለን። ከዚያ በቺሊ የተነሱትን ፕላኔት ያለው የቤታ ፒክቶሪስ ኮከብ ፎቶዎች ከአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ክፍት ማኅደር በነፃ አውርደን በዚያው ኮድ እንሠራቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኮከቡ በአንድ ወገን የታየው ፕላኔት በ2009 በሌላው ወገን ብቅ ብሏል። ኮከቡ ራሱ እዚህ ሆኖ በዓይን ብቻ ይታያል፤ ወደ ደቡብ ዞራችሁ ካኖፐስ ከሚባለው ደማቅ ኮከብ በስተቀኝ ፈልጉት።

አስተባባሪ፦
በጣም ጥሩ! ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ፦ «ማኅበሩ በየካቲት አጋማሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ተማሪዎችን ይዞ ሱሉልታ ላይ ሲሪየስ ቢን ይመለከታል፤ ፎቶም ያነሳል። ውጤቱን ይዞ ከእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የአንድ ሌሊት ጊዜ ይጠይቃል።» ክረምት ሲገባ ሰማዩ ስለሚዘጋ የማኅደሩን ሥራ ወደዚያ ገፍቼዋለሁ። የከተማው መብራት ለሲሪየስ አያሳስብም። ብርዱ ግን የዋዛ አይደለም፤ ልጆቹ ጋቢ ይያዙ።

የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ካሜራ የሚያውስ፣ እና ልጆቹን ማታ ወደ ቡራዩ የሚመልስ ሚኒባስ። ማን ይችላል?