የተኮላሸ ድመቴ ቤት ውስጥ ሽንቱን መርጨት ጀመረ፤ እናቴ «ወይ እሱ ወይ እኔ» ብላለች

የነብሮ እናት (ጥር 28)

እንዴት ሰነበታችሁ? የሚያስቅ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ።

ነብሮ የሚባል ወንድ ድመት አለኝ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዓይኑ ሳይገለጥ በካርቶን ተጥሎ አግኝቼው፣ በስሪንጅ እያጠባሁ ነው ያሳደግሁት። ስምንት ወር ሲሆነው አኮላሸሁት። ያኔ ማራኪ ሰፈር ያልሳቀብኝ የለም። «ድመት ይኮላሻል እንዴ? የእርሻ በሬ መሰለሽ?» ተብያለሁ። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ጨዋ ሆነ። ከግቢ አይወጣም፣ ዕቃ አይሰብርም፣ ሽንቱንም አሸዋው ሳህን ላይ ጨርሶ ቀብሮ ነው የሚመለሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈረኝም።

ዘንድሮ በጥምቀት ነገር ተበላሸ። ለጥምቀት የጎንደር ቤት እንዴት እንደሚሞላ ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባና ከደብረ ታቦር ዘጠኝ እንግዳ ነበረን። ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ሆኖ ከረመ። ግማሹን ፍራሽ የተዋስነው ከጎረቤት ነው። ጥር 13 ጠዋት የመጋረጃው ጫፍ ሸተተኝ። ልጆቹ ናቸው ብዬ ዝም አልኩ። እንግዶቹ ሄዱ፣ ሽታው ቀረ። ቀጥሎ የሶፋው ጎን። ቀጥሎ የሳሎኑ በር መቃን። ባለፈው እሑድ ደግሞ መሶቡ።

መሶቡ ማለት እንዲህ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ልጃገረድ ሳለች በገዛ እጇ የሰፋችው ነው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ስንደዶና አክርማ ደግሞ ሽታ ከጠጣ ጠጣ ነው፣ እንደ ሳህን አታጥበውም። እናቴ ክዳኑን አንስታ አሸተተች፣ መልሳ ከደነችው፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «ወይ እሱ ወይ እኔ» አለች። ቤቱ የእሷ ስለሆነ ማን እንደሚወጣ ግልጽ ነው።

በበረኪና አጠብኩ። እጣን አጨስኩ። አንዴ በንዴት በነጠላ ጫማ መታሁት፣ አልዋሽም። አልጋ ሥር ገብቶ ግማሽ ቀን ቆየ። ሲወጣ ቀጥ ብሎ ሄዶ በሩ ላይ ረጨ።

ለመሆኑ የተኮላሸ ድመት ይረጫል? ወይስ ኦፕራሲዮኑ በትክክል አልተሠራም?

ጠጅ ሳር (ጥር 28)

ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ አሉ። አንቺ በግድ አመነኮስሽው፣ እሱ ደግሞ ዓለሙን አስታወሰ።

የምሬን ነው፣ ገጠር ዘመድ ካለሽ ላኪው። ጎተራ ይጠብቅ። መሶብ ላይ የሸና ድመት ከእናት ጋር አይታረቅም።

የላም ሐኪም (ጥር 28)

ቀኑን ሙሉ የማየው ላምና በግ ነው። ድመት በወር አንድ ቢመጣልኝ ነው። ስለዚህ ይቺን ጥያቄ ሳይ ደስ አለኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሲያደርገው ቆሞ ነው ቁጢጥ ብሎ? ቁጢጥ ብሎ ወለል ላይ ወይም አልጋ ላይ ብዙ ሽንት ከለቀቀ ጉዳዩ ሌላ ነው። ፊኛው ታሞ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አሸዋውን ጠልቶታል። ቆሞ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ጅራቱን ወደ ላይ ቀስሮ ጥቂት ከረጨ ግን ምልክት እያደረገ ነው። ድንበር እንደማካለል በይው።

አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ልንገርሽ፣ ሌላም ሰው ስለሚያነበው። ወንድ ድመት ደጋግሞ አሸዋው ላይ እየተቀመጠ፣ እያማጠ፣ ምንም ካልወጣው ወይም ጠብታ ብቻ ከወጣው «ነገ እናየዋለን» አይባልም። የሽንት ቧንቧው ተደፍኗል ማለት ነው። በሁለት ሦስት ቀን ይገድለዋል። በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

የነብሮ እናት (ጥር 29)

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ሶፋ ላይ ተኝቼ ሰለልኩት። ቆሞ ነው። ጅራቱ ቀጥ ብሎ ጫፉ ይንቀጠቀጣል፣ የኋላ እግሮቹን መሬቱን እንደሚረግጥ ያደርጋል። ፊቱ ላይ ደግሞ ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ ሰው ዓይነት ነገር አለ። የሚረጨው ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ነው፣ ቢበዛ አንድ ማንኪያ። ዋናውን ሽንቱን እንደ ድሮው አሸዋው ላይ ነው የሚሸናው፣ ደምም የለውም፣ አያምጥም። ይበላል፣ ይጫወታል።

የላም ሐኪም (ጥር 29)

እንግዲያው ምልክት ነው። ቢሆንም ሽንቱን ማስመርመር አይከፋም። የፊኛ ሕመም ያለበት ድመትም አንዳንዴ ይረጫልና። እዚያው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ የሚያይልሽ ባለሙያ አታጪም።

ለጥያቄሽ መልሱ፣ አዎ፣ የተኮላሸም ይረጫል። ማኮላሸት ነገሩን በጣም ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ከ100 የተኮላሹ ወንዶች ወደ 10 የሚሆኑት ይረጫሉ። ከሴቶቹም ወደ 5 የሚሆኑት። ስለዚህ የሠራልሽን ሰው አትውቀሺው። አንድ የማጣራው ነገር ቢኖር ሁለቱም ፍሬዎች ወጥተው እንደሆነ ነው። አንዳንዱ ድመት አንዱ ፍሬ ሆዱ ውስጥ ይቀርበታል፣ ያ ከቀረ ሆርሞኑም አለ ማለት ነው። ሐኪሙ ብልቱን አይቶ ያውቀዋል። ያልተኮላሸ ድመት ብልቱ ላይ እሾህ መሳይ ጥቃቅን ነገር አለው፣ ሲኮላሽ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

ሁለት ዓመት ጨዋ የነበረ ድመት በአንድ ሳምንት የተለወጠው ግን የሆነ ነገር ስላስፈራው ነው። ድመት ቤቱን የሚያውቀው በማሽተት ነው። ጉንጩን በየጥጉ የሚያሸው ለዚህ ነው። ዘጠኝ እንግዳና የሰው ፍራሽ ሲመጣበት የቤቱ ሽታ ጠፋበት፣ እንደገና ጻፈው። ያ ቢሆን ግን እንግዶቹ ሲሄዱ ይተው ነበር። እሱ አልተወም። ስለዚህ ወረቀት አውጪና የቤቱን ካርታ ሳይ። የረጨበትን ሁሉ በ«x» አድርጊ። መስኮትና በሩንም አትርሺ።

ዱላውን ደግሞ ተይ። ፈርቶ የሚረጭን ድመት ስትመቺው ሌላ የሚፈራው ነገር ጨመርሽለት ማለት ነው። አይተሽዋል።

አዘዞ ማዞሪያ (ጥር 30)

እህቴ፣ በረኪናውን ዛሬውኑ አቁሚ። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ለሳንባሽም አይሆን። እኔ በተዘጋ ቤት አድርጌው ስስል አድሬያለሁ። ሽታውንም አያጠፋውም፣ ለአንቺ ይሸፍንልሻል እንጂ ድመቷ ከሥሩ ታገኘዋለች።

እኔ ሦስት ድመት አሉኝ፣ ያላየሁት የለም። ፓኬቱ ላይ ኢንዛይም አለው የሚል የልብስ ዱቄት ሳሙና ፈልጊ። አንድ እጅ ሳሙና በዘጠኝ እጅ ለብ ያለ ውኃ በጥብጪና እጠቢው። በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው። ሲደርቅ ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል ረጭተሽ ጥረጊ። መጋረጃው ቀለም እንዳይለቅ መጀመሪያ ጫፉን ሞክሪው፣ እኔ አንድ ቀይ ትራስ በዚህ አጥቻለሁ። በማታ በባትሪ ከጎን እያበራሽ ካየሽ የደረቀው መንገድ ግድግዳው ላይ ይታያል። አንቺ አራት ቦታ ካልሽ ሰባት ቦታ ነው፣ እመኚኝ።

ሲጸዳ እዚያው ቦታ ምግቡን አስቀምጪለት። ድመት የሚበላበት ላይ አይረጭም። ለስላሳ ጨርቅ ወስደሽ ጉንጩን አሸት አሸት አድርጊና ያንን ጨርቅ በፊት በረጨበት ጥግ አሺው። የራሱ ሽታ ነው፣ «ይህ የእኔ ነው፣ አለቀ» ይላል። ውጭ አገር ይህንን ሽታ በፋብሪካ ሠርተው በጠርሙስ ይሸጡታል፣ አንቺ ግን ጉንጩ አለልሽ።

ለመሶቡ እግዜር ይርዳሽ። ፀሐይ አስጪው፣ ደጋግመሽ። ሌላ አላውቅም።

ቁስቋም (ጥር 30)

ጤና አዳም በየጥጉ ብታስቀምጪ አይጠጋም። የብርቱካን ልጣጭም ይጠላል። በርበሬ ብለው የሚመክሩ አሉ፣ አትስሚያቸው፣ ዓይኑን ያቃጥለዋል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ማረጋጊያ ክኒን ይሰጠዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

የላም ሐኪም (ጥር 30)

ጤና አዳሙ ከአንድ ጥግ ያርቀው ይሆናል፣ ሌላ ጥግ ይሄዳል እንጂ አይተውም። ክኒን አለ፣ ግን ሐኪም መዝኖ የሚያዝዘው፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት ነው። የሰው ክኒን ከመሳቢያ አውጥታችሁ እንዳትሰጡ አደራ። አንድ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል።

የነብሮ እናት (የካቲት 2)

ካርታውን ሠራሁ። አዘዞ ማዞሪያ ሰባት ቦታ ብለሽ ነበር፣ ስምንት ሆነ። ስምንቱም ከቤቱ በአንድ በኩል ነው! የጓሮው መስኮት ሥር ሁለት፣ መጋረጃው፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው የሶፋ ጎን፣ ወደ ጓሮ የሚያስወጣው በር ግራና ቀኝ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ሳጥን፣ መሶቡ። መሶቡ የሚቀመጠው እዚያው በር ሥር ነው። መኝታ ቤትና መንገድ ዳር ያለው ክፍል ንጹሕ ናቸው።

እና ጓሮ ምን አለ ብዬ አንድ ማለዳ በ12 ሰዓት ተነሥቼ ብርዱን ችዬ ጠበቅሁ። የሚያህል የሌለው፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ጭንቅላቱ ጣባ የሚያክል አውራ ድመት ቆርቆሮ አጥሩን ተሻግሮ መጣ። መስኮቱ ደፍ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ነብሮ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ፣ መስታወት በመካከል። ወርዶ በሩ ላይ እሱም ረጨ!

ከዚያ የጓሮው በር ተከፈተ። እናቴ ናት፣ ሰሃን ይዛ። አጥንት ጣለችለትና «እንካ የኔ ምስኪን» አለችው።

ተጠየቀች፣ አመነች። ከገና ጀምራ ነው። የነቢያት ጾም ሲፈታ የዶሮው አጥንት ሲተርፍ አንድ ቀን ጣለችለት፣ በማግስቱም መጣ። ለጥምቀት ደግሞ ለዘጠኝ ሰው በግ ታርዷል፣ አጥንቱን አስቡት። «እኔ ምን አውቄ፣ እርቦት ነው» አለችኝ። ነብሮን ከቤት ልታስወጣ የነበረችው ሴት!

ጠጅ ሳር (የካቲት 2)

ገጠር ላኪው ያልኩትን አንሥቻለሁ። እናትሽን ላኪያት።

የላም ሐኪም (የካቲት 2)

ተገኘ። የመስኮቱን ታችኛውን ግማሽ ከነብሮ ዓይን በላይ እስኪሆን በወረቀት ሸፍኚው፣ ብርሃኑ በላይ ይግባ። በሩን ከውጭ በኩልም እጠቢው፣ የዚያኛው ሽታ በሥንጥቁ ይገባል። የአሸዋ ሳህን አንድ ጨምሪለት፣ ከበሩ ርቆ። አጥንት አቁሙ፣ የግድ ከሰጣችሁም ከግቢ ውጭ ራቅ አድርጋችሁ። ለወር ያህል ታገሺ፣ በአንድ ሌሊት አይተውም።

የነብሮ እናት (የካቲት 25)

ወሬውን ላድርሳችሁ። ነብሮን አስመረመርኩት፣ ሽንቱ ደህና ነው፣ ፍሬዎቹም ሁለቱም ወጥተዋል። መስኮቱን በካላንደር ወረቀት ሸፈንኩት። እናቴ በመጀመሪያ «ቤቴን ሱቅ አስመሰልሽው» ብላ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች። አልኮሉና ሳሙናው ሠርተዋል፣ ሶፋው ግን አንድ ጥጉ ነጣ ብሏል።

መጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ ረጨ። ሁለተኛው አንዴ። ከየካቲት 9 ወዲህ ዐቢይ ጾም ገባና አጥንቱም በራሱ ጊዜ ቀረ፣ ያ አውራ ሽሮ አይበላም። ሁለት ጊዜ መጥቶ አሽትቶ ሄደ። ነብሮ ከረጨ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። መሶቡ አሁንም ፀሐይ ላይ ነው፣ ቀን አውጥተን ማታ እናስገባዋለን። ክዳኑ ሽታው ለቀቀው፣ እግሩ ገና ነው።

ትናንት ማታ ቡና እየጠጣን እናቴ ድንገት «ፋሲካ ሲፈታ ያ ጆሮ ቆራጣ መምጣቱ አይቀርም» አለች። ዝም አልኩ። ሁለተኛውን ፉት ብላ «እሱን ማኮላሸት ስንት ያስከፍል ይሆን?» አለችኝ።

ዶክተር፣ ስንት ያስከፍላል? እንዴትስ ነው የሚያዘው? አዘዞ ማዞሪያ፣ የዶሮ ቆጥ በር የገጠመ ሣጥን አለን፣ ይሆናል?