2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥13፦ «በርኖሱን አምጣልኝ» የሚለውን ለቡድን ጥናት እንዴት ላዘጋጅ?

የማክሰኞ ጥናት
ሰላም ወገኖች። ጥናታችን ምዕራፍ 4 ላይ ደርሷል። ቁጥር 7 ላይ ሁሉም የሚለው አለው፤ ቁጥር 13 ግን፣ ጳውሎስ ጢሮአዳ ከተማ ከአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስ፣ መጻሕፍትና ብራና ጢሞቴዎስ እንዲያመጣለት የሚጠይቅበት፣ ዝም ተብሎ ይታለፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ታሪኩንም የጳውሎስንም ስሜት ለማሳየት ከየት ልጀምር?

ቀለም ቀንድ
ከ13 አትጀምር። አንድ ሰው ከቁጥር 6 እስከ 22 ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ ስሞቹን ወረቀት ላይ አውጡ፦ ማን ሄደ፣ ወዴት፣ ለምን። ዴማስ ትቶት ሄዷል፤ ቲኪቆስን ግን ወደ ኤፌሶን የላከው ራሱ ጳውሎስ ነው። ሁሉንም ከዳተኛ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። ቲቶ ለምን እንደሄደ አልተጻፈም፤ እናንተም አትጨምሩ።
ማርቆስ ላይ ቆም በሉ። ሐዋ. 15፥37-39ን አንብቡ፤ ጳውሎስና በርናባስ የተለያዩት በእሱ ሰበብ ነበር። አሁን «ይጠቅመኛል» እያለ ያስጠራዋል።

ጢሮአዳ
እስሩን ከሐዋ. 28፥30 ጋር አታምታቱት። እዚያ በተከራየው ቤት እንግዳ ይቀበል ነበር፤ እዚህ እንደ ወንጀለኛ ታስሯል (2፥9)፣ ያለበትም የተገኘው በብዙ ፍለጋ ነው (1፥17)። ትውፊቱ ዘመኑን ከ64 እ.ኤ.አ. የሮም ቃጠሎ በኋላ፣ በቄሣሩ ኔሮን ዘመን መጨረሻ ያደርገዋል። የዚያ ዘመን እስረኛ ምግቡም ልብሱም በአብዛኛው ከወዳጅ ነበር። በርኖሱ አንገት ማስገቢያ ያለው ወፍራም የመንገድ ልብስ ነው።
አሁን ቁጥር 21ን አያይዙት፦ «ከክረምት በፊት»። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ እንዳይመስላችሁ! በሜዲትራኒያን ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ መርከብ እምብዛም አይንቀሳቀስም ነበር። ጢሞቴዎስ ኤፌሶን ከነበረ፣ ወደ ሰሜን ወጥቶ ጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ ዕቃውን ይወስዳል፤ ከዚያ መቄዶንያን አቋርጦ ወደ ኢጣሊያ ይሻገራል። ከዘገየ አራት ወር ይጠብቃል፤ ፍርዱ ግን ላይጠብቅ ይችላል። የቁጥር 9 «ቶሎ» ክብደቱ ከዚህ ነው። ካርታ ሳትይዝ አትግባ።

ኅዳግ
ሁለት ማሳሰቢያ። ብራናው ላይ ምን እንደተጻፈ ጽሑፉ አይናገርም፤ ግምት ወደ ስብከት ሲቀየር ብዙ ጥናት ይበላሻል። ደግሞ ደብዳቤውን ጳውሎስ መጻፉን የሚጠራጠሩ ብዙ ምሁራን አሉ፤ ጥያቄው ከተነሣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ቁጥር 13 ራሱ ለሁለቱም ወገን መከራከሪያ ነው፦ አንዱ «በርኖስን ማን ይፈጥራል?» ሲል፣ ሌላው በሰው ስም የተጻፉ ደብዳቤዎችም እንዲህ ያለ ዝርዝር ያስገቡ ነበር ይላል።
ስሜቱን በተስፋ መቁረጥ ብቻ አትዝጋው። ቁጥር 16 ላይ ሁሉም ትተውታል፣ ግን «አይቁጠርባቸው» ይላል። ለቡድኑ አንድ ጥያቄ ስጥ፦ በቁጥር 6 ሞቱን የሚጠብቅ ሰው መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? መልሱን አንተ አትቅደማቸው።