የመኪናዬ መሪ ይንቀጠቀጣል፣ መላ በሉኝ

ሰላም ወገኖች፣ ጨንቆኝ ነው። ቪትዜ መሃል ከተማ ውስጥ ምንም አይላትም። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 80 ስትገባ ግን መሪው ይነዝረኛል። 100 ላይ የቁልፍ መያዣው ሳይቀር ይንቀጫቀጫል።

ጎሚስታ ጋ የፊት ጎማዎቹን ባላንስ አሠራሁ። ሁለት ቀን ደህና ሆነች፣ ከዚያ ተመለሰባት። ትናንት ጎንበስ ብዬ ሳይ የግራው ቸርኬ ላይ ለባላንስ የተለጠፈው የእርሳስ ክብደት ወድቋል። ሙጫው ብቻ ቀርቷል። እሱ ይሆን?

ዛሬ ደግሞ ከፒያሳ በቸርችል ወደ ለገሃር ስወርድ፣ ፍሬን ስይዝም መሪው ነዘረኝ። ይሄኛው አዲስ ነው። የፍሬኑ ዲስክ ተጣሞ ይሆን እንዴ? አንድ መካኒክ መኪናዋን ሳያነሳ፣ ጎማውን ሳይነቀንቅ "የመሪውን እግሮች (መሪውን ከጎማው የሚያገናኙትን ዘንጎች) በሙሉ ቀይር" አለኝ። አላሳመነኝም።

ልጆቼን ይዤባት ነው የምውለው። እባካችሁ፣ የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ምኑን ላስፈትሽ?