የባቡር ምልክት ሠራተኛ ለመሆን ከኮምቦልቻ በየት በኩል ይጀመራል?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በኤሌክትሪክ ሙያ ደረጃ 4 ጨርሼ የብቃት ምዘናውን አልፌአለሁ። በባቡር ምልክትና መስመር ቁጥጥር ለመሥራት ጽኑ ፍላጎት አለኝ፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚገባበት የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ከአዋሽ በከተማችን በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው መስመር አገልግሎት እስኪጀምር ልጠብቅ ወይስ ሌላ ቦታ ልሞክር? የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (ከድሬዳዋ፣ የባቡር ስምሪት ሠራተኛ)፦ እኅቴ፣ አስቀድመሽ ከሁለቱ ሥራዎች የትኛውን እንደምትፈልጊ ወስኚ፤ አንደኛው ከመቆጣጠሪያው ፊት ተቀምጦ ባቡር ማስተናገድ ሲሆን ሁለተኛው መሣሪያውን መትከልና መጠገን ነው። የእኔ የመጀመሪያው ነው። ባቡር ወደ ጣቢያ ሲቃረብ የሚገባበትን ሐዲድ እመርጣለሁ፤ ሥርዓቱ በበኩሉ ሐዲዱ ባዶ መሆኑን፣ ማቀያየሪያውም (ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞረው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ተንቀሳቅሶ መቆለፉን ሳያረጋግጥ አረንጓዴ አያበራም። በመካከል ጠጠር ገብቶ ማቀያየሪያው በደንብ ካልገጠመ ምልክቱ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። ከአዳማ ወደ ጅቡቲ ያለው መስመር ነጠላ ስለሆነ ከወዲያና ከወዲህ የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት በጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ሥራው የሚከብደው ግን መሣሪያው ሲበላሽ ነው፤ ያን ጊዜ ፈቃድ በሬዲዮ በቃል ስለሚሰጥ፣ አሽከርካሪው የተነገረውን አንድ በአንድ ደግሞ እስኪያሰማ ድረስ ባቡሩ ከቆመበት አይነቃነቅም። ችኩል ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መልስ (ከደሴ፣ የኤሌክትሪክ መምህር)፦ ከተማርሽው አንጻር ጥገናው ይቀርብሻል ባይ ነኝ። ባቡር የት እንዳለ ከሚታወቅባቸው ዘዴዎች አንዱ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አነስተኛ ኤሌክትሪክ መልቀቅ ነው፤ ባቡር ሲገባ መንኰራኩሮቹ ሁለቱን ሐዲዶች ስለሚያገናኙ ኤሌክትሪኩ ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል፣ መስመሩም እንደተያዘ ይቆጠራል። ሽቦ ቢበጠስም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ሪሌን፣ ፒኤልሲን (መሣሪያዎችን የሚቆጣጠር አነስተኛ ኮምፒውተር) እና ፋይበር ኦፕቲክን (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ ገመድ) አጥብቀሽ ያዢ። በዲግሪ መቀጠል ካሻሽ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ኮምቦልቻ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መነጽር ማድረጌ ይከለክለኝ ይሆን? መጠበቁንስ ምን ትላላችሁ?

መልስ (ከድሬዳዋ)፦ አብሽሪ፣ ዋናው ጉዳይ መነጽሩ ሳይሆን ቀይን ከአረንጓዴ መለየትሽ ነው፤ ማመልከቻ ከመጻፍሽ በፊት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሄደሽ የቀለም ምርመራ ብታደርጊ ይበጃል። የእናንተ መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበት፣ እስካሁን ለመደበኛ አገልግሎት አልበቃም፤ እሱን ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ዕድሜ መጨረስ ነው። የኢትዮ-ጅቡቲው ባቡር ግን በቻይና ኩባንያዎች ሲመራ ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. ለሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች ተላልፏል፤ የእሱንና የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርን የቅጥር ማስታወቂያ ተከታተይ። የመስመሩን ደንብ የሚያስተምረው ቀጣሪው ራሱ ስለሆነ፣ «አስቀጥርሻለሁ» ብሎ የሥልጠና ገንዘብ ለሚጠይቅሽ ደላላ ሳንቲም እንዳትከፍዪ።