«ሙያ በልብ» ካርታ ላይ ይሠራል?

ሰላም የቃል ወዳጆች። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነኝ። አራት ሆነን እሁድ እሁድ ብሪጅ እንጫወታለን። ባለፈው አንድ ተረት አጣላንና ፍረዱን።

ለማያውቀው፦ ብሪጅ ሁለት ለሁለት ነው። ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይደርሰዋል። ስንት ዙር እንደምንበላ በተራ እንጫረታለን። አስ 4 ነጥብ፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1፤ ስፔድና ልብን ጨምሮ የካርታው ዓይነት አራት ስለሆነ ድምሩ 40።

ለእኔ 20 ነጥብ ደረሰኝ። ስድስት ስፔድ፣ ከነአሱ ከነንጉሡ። ቀኜ የተቀመጠው «አንድ ልብ» ብሎ ከፈተ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ «አንድ ስፔድ» አልኩ። ግራዬ አለፈ፣ አጋሬ አለፈ፣ ከፋቹም አለፈ። አንድ ስፔድ ማለት (በስድስት ላይ አንድ) 7 ዙር ነው። እኛ 10 በላን! «አራት ስፔድ» ብንል ጌም (ትልቅ ጉርሻ ነጥብ የሚያስገኝ ጥሪ) ነበር። አጋሬ ጦፈ። «ሙያ በልብ ነው» አልኩት። «ተረቱን ያለ ቦታው አዋልከው» አለኝ።

— ከኮምቦልቻ፦

ወንድሜ፣ አጋርህ ልክ ነው። «ሙያ በልብ» የሚባለው ሥራው ራሱ ለሚናገርለት ሰው ነው። አትፎክር፣ ሲደርስ ይታያል ለማለት። አጋርህ ግን ካርታህን አያይም። «አንድ ስፔድ» ስትለው እስከ 16፣ ቢበዛ 17 ነጥብ ነው የሚገምትልህ። ከዚያ በላይ ሲሆን አስቀድመህ «እጥፍ» ትላለህ፣ ተራህ ሲመለስ ስፔድህን ትጠራለህ።

ደግሞ ይቺ «እጥፍ» የምትባል ቃል ትገርመኛለች። ስሟ ነጥብ ማጠፍ ነው። ገና ጨረታው ሲጀመር ስትባል ግን «አጋሬ፣ አንተስ ምን አለህ?» ማለት ነው። «እሺ» ብለን እምቢ እንደምንለው በሉት። ቃሉ ያው ነው፣ ትርጉሙን የሚሰጠው ሰዓቱ ነው።

— ሌላ ከደሴ፦

ትንሽ ልቃወም። «እጥፍ» ካለ በኋላ ግራው በአንዴ «አራት ልብ» ብሎ ቢዘልስ? ስፔዱን ገና አልተናገረም እኮ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ቶሎ የጠራ ምን አጠፋ? በ20 ነጥብ እኔም «እጥፍ» እላለሁ፤ አራት ልብ ከመጣብኝም «አራት ስፔድ» ከማለት አልመለስም። በ16 ግን አላመነታም፣ ወዲያው ስፔዴን እጠራለሁ።

«ጨረታ» የሚለውም አይጥመኝም። የእኛ አገር የጨረታ ማስታወቂያ መጨረሻው «በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» ነው። ብሪጅ ላይ የምን መሰረዝ? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ጥሪ» እንበለው።

— ጠያቂው፦

እሺ፣ ተረትቻለሁ። (የእውነት እሺ ነው።) ግን ብዙ ነጥብ ያለው ካርታ ሲደርሰን «ጠንካራ እጅ» የምንለውንስ ምን እናድርገው? እናቴ ቡና እያፈላች ሰምታን «ማንን ልትመቱ ነው?» አለች። እውነቷን ነው። በእኛ አማርኛ እጅ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይሰጣል። ሲረዝም ሌብነት፣ ሲያጥር ድህነት፣ ሲሰጥ ሽንፈት። ጠንካራ ሲባል ጥፊ ነው የሚታሰበው። አጋሬ «ሙሉ እጅ» ይሻላል ብሎ ከአቦል እስከ በረካ ሲሟገተኝ ዋለ። ለእኔ «ሙሉ እጅ» ሸሚዝ ነው።